ዕረፍት የበዛበት ቴሌቪዥን

የዚያን እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሐጂ ሳሎን የነበርነው እነዚህ ነን። ሐጂ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ፣ እጃቸውን ከሣጥኑ አናት ላይ አድርገው ቆመዋል። ባለቤታቸው በጓዳው በር ላይ፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ። እንደ እኔ የግቢው ተከራይ የሆኑት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር በመስኮቱ አጠገብ። ከደሴ ዙሪያ አትክልት እያመጣች ሰኞ ገበያ የምትሸጠው ጎረቤታችን ከወለሉ መሀል፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። የሐጂ ትልቁ ልጅ ደግሞ በውጭ፣ ከአጥሩ ግንብ ላይ ወጥቶ የአንቴናውን እንጨት አቅፎ። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ በውጭው በር በኩል ነበርኩ። መቀመጫ ሞልቶ ሳለ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ልጄ በቴሌቪዥን ልትታይ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከየክልሉ የተመረጡ ተማሪዎች በጥያቄና መልስ የሚወዳደሩበት ዝግጅት ነበር፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚተላለፍ፣ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ፣ የማይደገም። ሐሙስ ዕለት ከአስተማሪዋ ጋር በአውቶቡስ ሄዳለች። አባቷን ካጣን ወዲህ ሁለት ብቻ ነበርን፤ ከዚያ በፊት አንድም ሌሊት ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። ያንን ግማሽ ሰዓት ማየት ፈልጌ ነበር። ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

የሚያስፈራን ቴሌቪዥኑ ነበር።

ሐጂ የቤት አከራዬ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል። መኪናውን ሸጠው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የገዙት ዕቃ ያ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ከላስቲኩ ውስጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ወጣች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈች። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ መምህሩ ደግሞ ያን ቀን መነጽራቸውን አልያዙም።

«እስቲ አንብቢልን፤ ምን ይላል?»

አገላበጥኳት። አብዛኛው አልገባኝም። ሰው ሁሉ እያየኝ አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ከመሀል የገባኝን አንድ ነገር አንስቼ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ሙቀት ይጎዳዋል፤ እንዳይሞቅ ጠብቁት ይላል።»

«አላልኳችሁም?» አሉ ሐጂ፤ ከዚያ በፊት ምንም አላሉንም ነበር። «ሞተር ናት። ሞተር የሆነ ነገር ሁሉ ማረፍ አለበት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ያርፍ ጀመር።

ሐጂ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሞተር ፈልቶባቸው እንደማያውቅ ይምላሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሦስት ቦታ ቆመው ነበር አሉ የሚያሳርፏት። ያንኑ ሥርዓት ሳሎን አመጡት። ዜናው ተጀምሮ ሩብ ሰዓት ሲሞላው ይነሳሉ። መዳፋቸውን ከጀርባው ላይ ያኖራሉ። «ፈልታለች» ይላሉና ቷ አድርገው ይዘጉታል። እኛ በጨለመው መስታወት ላይ የገዛ ፊታችንን እያየን አምስት ደቂቃ እንቀመጣለን። ከዚያ ይከፈታል። ስፖርቱ ሲጀምር ደግሞ ይነሳሉ።

«አባባ፣ ጎሉ ሊገባ ነው!» ይላል ልጃቸው።

«ይግባ። ሞተሯ ከተቃጠለ የነገውን ጎል በምን ልታየው ነው?»

ዕረፍቱ ብቻ አልነበረም። አዛን ሲል ይዘጋል። ሽማግሌ ሲገባ፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ ሰላምታ ነውር ነው ተብሎ ይዘጋል። ሐዘንተኛ በደጅ ሲያልፍ ይዘጋል። ከቤተ ክርስቲያን የቀብር ደወል ሲሰማ፣ ለእኔና ለመምህሩ ብለው ይዘጉታል። እነዚህን አልነቅፍም፤ ዛሬም ደግ ነገር ይመስሉኛል። መብራቱ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። በመጣ ቁጥር ሁላችንም ወደ ቁልፉ እንሽቀዳደማለን። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ቁጭ ብለው ቢቆጥሩ ከጧት እስከ ማታ ሃያ ስድስት ጊዜ ተከፍቶ ሃያ ስድስት ጊዜ ተዘጋ። «ሃያ ስድስት!» አሉ በአድናቆት። ከቁጥሩ ሌላ የታያቸው ነገር አልነበረም። ለእኔም አልታየኝም።

በሦስተኛው ዓመት ይታመም ጀመር። ቁልፉ ሲጫን ቶሎ አይበራም፤ በጨለማው ውስጥ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ከዚያ ምስሉ ከመሀል በቀጭን መስመር ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይሰፋል። የሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከጎኑ መታ ሲያደርጉት ይስተካከላል። ልጄ ለውድድሩ መመረጧ በተሰማ በሳምንቱ ጭራሽ አልነሳ አለ።

«ሐጂ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም» አሉኝ የሐጂ ባለቤት። «የልጅቷን ነገር እያሰቡ ነው። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።»

ደሴ ውስጥ ያሳየነው ባለሙያ ጀርባውን እንኳን ሳይፈታ «ዕድሜው ነው» አለን። «የሦስት ዓመት ዕድሜ ምን ዕድሜ ነው?» ብለው ሐጂ ተቆጥተው ወጡ። እኔ ያን ጊዜ የፋብሪካችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስታወስኩ። ከሥራ በኋላ ኮምቦልቻ በመኖሪያ ቤቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ምላሱ ይዋጋል፤ እጁ ግን የታመነ ነው።

ቴሌቪዥኑን በቡኒ ብርድ ልብስ ጠቅልለን በሚኒባሱ ወንበር ላይ፣ በሐጂና በእኔ መሀል አስቀመጥነው። መታጠፊያው ሲደርስ ሐጂ በሁለት እጃቸው ያቅፉታል። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየች።

«ምን ሆነው ነው? ትንፋሻቸውም አይሰማ።»

«ደክማ ነው» አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው። «ትድናለች፣ ኢንሻአላህ።»

«እግዜር ይማራት። ፊቷን ገለጥ አድርጉላት እንጂ፣ ታፍናለች!»

ሰው መሀል መሳቅ ልማዴ አይደለም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሐረጎን እስክንወርድ ድረስ ሳቅሁ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጀርባውን ፈታ፤ አቧራውን እፍ አለ፤ ማጉያ መነጽር አምጥቶ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

«ሐጂ፣ ይህችን ዕቃ ማን ነው እንዲህ የሚያሠቃያት?»

«ማንም! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት። በየሩብ ሰዓቱ ነው የማሳርፋት።»

እጁ ባለበት ቆመ። «በየሩብ ሰዓቱ ይዘጓታል?»

«ሳትዘጋ እንዴት ታርፋለች?»

ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺም እዚያው ግቢ ነው የምትኖሪው? እያየሽ?»

ማጉያውን ሰጠኝና የብየዳውን ቦታ አሳየኝ። በአንዲት የብረት እግር ዙሪያ ጸጉር የምታህል ክብ ስንጥቅ ነበረች። ሐጂም አዩ።

«ስትከፈት ትሞቃለች» አለ። «ስትሞቅ ብረቱ ይለጠጣል። ስትዘጋ ትቀዘቅዛለች፤ ይኮማተራል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት በስንተኛው ነው የሚበጠሰው? ይኸው ነው። ደግሞ በተከፈተች ቁጥር፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለች፣ መብራቱ በአንድ ጊዜ ነው ዘሎ የሚገባባት። በሥራ አይደለም ያረጀችው፤ በመነሳት ነው።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙቀት ነው ጠላቷ። በመጽሐፏ ላይ ተጽፏል። እሷ ናት ያነበበችልን።»

ጆሮዬ ጋለ።

«ሙቀትስ ይጎዳታል» አለ ሠራተኛው። «ከላይዋ ዳንቴል አታልብሷት፣ ነፋስ ይግባላት ማለት ነው እንጂ፣ በየደቂቃው ዝጓት የሚል መጽሐፍ የለም።»

«ሁሉን አላነበብኩም» አልኩ። «የገባኝን ብቻ ነው ያልኩት።»

ሐጂ አዩኝ። ሠራተኛው የሁለታችንንም ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሾፌር ነበሩ አይደል፣ ሐጂ?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት።»

«መኪናዎን በቀን ሃያ ጊዜ እያጠፉ ሃያ ጊዜ ቢያስነሷት ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖዋ ምን ይሆናል?»

«ይበላል።»

«ባትሪዋስ?»

«ይወድቃል።»

«ሐረጎ ላይ ሲያሳርፏት ሞተሩን ያጠፉ ነበር?»

«ምን በወጣኝ! የፈላ ሞተር ድንገት ይጠፋል እንዴ? በሚኒሞ፣ በቀስታ እየዞረች ነው የምትቀዘ...» አሉና ቆሙ። ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ። «ያረቢ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተሪኖዋን ነው ስበላ የኖርኩት!»

ሠራተኛው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ስንጥቁን እንደገና በየደው፤ ሌሎች ሁለት ቦታዎችም አገኘና በየዳቸው። ቁልፉን ሲጫን ሲጥ ብላ ቆየችና ምስሉ መጣ። ሐጂ እጁን ሊስሙት ነበር፤ ሸሸ።

«አይቸኩሉ። ብየዳውን ነው የመለስኩላችሁ። ምስሉን የምትሰጠው የመስታወት ቱቦዋ ደክማለች፤ እሷን እኔ አልመልሳትም። ስንት ጊዜ ትነሳለች? አላውቅም። አንድ ጊዜም ሊሆን ይችላል፣ ሺሕ ጊዜም። በከንቱ አታስነሷት። ከተነሳች ደግሞ እስክትጨርሱ አትዝጓት። መብራት ከሄደ ሶኬቷን ንቀሉ። ሲመለስ እንዳትሮጡ፤ የመጀመሪያው መብራት ዘሎ ነው የሚመጣው፤ ይዋዥቃል። እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ጠብቁ።»

መብራቱን የሚያረጋውን፣ ስታብላይዘር የሚባለውን ዕቃ በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ያስገባው አንድ ፎቶ ቤት ብቻ ነበር። እኛ የነበረን አሥር ደቂቃው ነው።

ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ደሴ ገባ። ዳንቴሉ ተነሳ። ሐጂ ግቢውን ሰብስበው እስከ እሑድ የሚነካት እንዳይኖር አዘዙ። ዘጠኝ ቀን ዜናውን በሬዲዮ ሰማን።

እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ከፈቱት። ተነሳ። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ቁልፉ አልቀረበም። ሐጂ ግን ልማድ ሆኖባቸው መዳፋቸውን ከአናቱ አላነሱም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝግጅቱ ተጀመረ። አምስት ተማሪዎች በረጅም ጠረጴዛ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። አራተኛዋ ልጄ ነበረች።

«እሷ ናት! እሷ ናት!» አለች ባለ አትክልቷ። «ጸጉሯን ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራት?»

«ታየች?» አለ የሐጂ ልጅ ከአጥሩ ላይ።

«ታየች! እንዳትነቃነቅ!»

«እኔስ መቼ ነው የማያት?»

«እሷ ስትመጣ ታያታለህ» አሉት እናቱ። «ዝም ብለህ ያዝ!»

ልጄ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች። ሁለተኛውን መለሰች። ሦስተኛውን ሳተች። መምህሩ ነጥቡን በጣታቸው ይይዛሉ። ከጫፍ የተቀመጠ አንድ ረጅም ወንድ ልጅ እኩል ይከተላት ነበር። አራተኛው ጥያቄዋ እየተነበበ ሳለ መብራት ሄደ።

የጮኸነውን ጩኸት ሰኞ ገበያ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም።

ሐጂ ሶኬቱን ነቀሉ። ባለ አትክልቷ ወደ በሩ ተንደረደረች። «ወደ ሆቴሉ እንሩጥ! ጄኔሬተር አላቸው!»

«እዚያ በዲሽ የውጭ ኳስ ነው የሚያዩት» አሉ መምህሩ። «ለእኛ ልጅ ብለው የሚያቋርጡ ይመስልሻል?»

እንዲህ ስንባባል ሦስት ደቂቃ ያህል ሄደ። ድንገት የሳሎኑ አምፖል በራ። ሁላችንም እልል አልን። ባለ አትክልቷ ከበሩ ተመልሳ ሶኬቱ ላይ ደረሰች።

«አትንኪ!» አሉ ሐጂ። ገመዱን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«መጣ እኮ፣ ሐጂ! አያዩም?»

«መጥቷል። አልረጋም።»

«ልጅቷ እየተጠየቀች ነው!»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ሶኬቱን ይዘው። «ልጅሽ ናት» አሉኝ። «ብንጠብቅ ሊያልፈን ነው። አሁን ብንሰካት ደግሞ ጭራሽ ላትነሳ ትችላለች። እኔ ይህን አልወስንም። አንቺ በይ።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ዘጠኝ ከአሥራ አምስት። አሥር ሲጨመር ዘጠኝ ከሃያ አምስት። አምስት ደቂቃ ትተርፋለች።»

ሁሉም ያዩኛል፤ መጽሐፏን እንዳነበብኩላቸው ቀን። ማየት የምፈልገው አሁን ነበር። ይህችን ደቂቃ፣ ይህችን ጥያቄ።

«እንጠብቅ» አልኩ።

«ወይኔ! አንቺ ሴት፣ ሆድሽ ከምን የተሠራ ነው?» አለች ባለ አትክልቷ።

«አንድ» አሉ መምህሩ።

ቆምን። የሐጂ ባለቤት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከውጭ ልጃቸው «መብራት አልመጣም እንዴ?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም። «ሁለት።» አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ቢጫ ሆነ፤ ተመልሶ ደመቀ። «ሦስት።» ከማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሞተሩን አስነሳ፤ ድምፁ እያቃሰተ ወረደና ጠፋ። «አራት» ሊሉ ሲሉ አምፖሉ ቦግ አለ። እንደዚያ ያለ ነጭ ብርሃን በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጧ አለና ተቃጠለ።

ከጎረቤት ሴት ጮኸች፦ «የእናንተም ተቃጠለ?»

ሐጂ በእጃቸው የያዙትን ሶኬት ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። «ወላሂ፣ ተሰክታ ቢሆን አልቆላት ነበር» አሉ።

ባለ አትክልቷ ከሶኬቱ ሁለት እርምጃ ራቀች።

«ከእንግዲህ ከአንድ እንጀምር ወይስ ከአራት እንቀጥል?» አሉ መምህሩ።

«መምህር፣ በሞቴ ሒሳቡን ይተዉት!»

አምፖሉ ስለሌለ የቀረን ምልክት ወፍጮ ቤቱ ነበር። ሁላችንም ጆሯችንን ወደዚያ አደረግን። ተነሳ፤ አቃሰተ፤ ወረደ። እንደገና ተነሳ። በዚህ ጊዜ አልወረደም። አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሳይወላወል፣ እየፈጨ ቀጠለ። ስለ ዱቄት እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

«ዘጠኝ ከሃያ አምስት» አሉ መምህሩ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ሰኩ። ቀና አሉና መንገድ ለቀቁልኝ። «አንቺ አስነሻት።»

ከኋላ መጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ሲጥ አለ። ምንም። ጨለማው መስታወት ላይ የአምስታችን ጥላ ተደርድሯል። ሲጥ ይላል እንጂ አይበራም። ሐጂ በጎኑ ሊመቱት እጃቸውን ዘረጉ፤ ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙ። ከዚያ ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ የአቅራቢው ድምፅ።

«...ነጥባቸው እኩል ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።»

«እነማን?» አለች ባለ አትክልቷ። «እነማን ናቸው እኩል?»

መሀል ላይ ቀጭን መስመር በራ። ሰፋ። አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ እጅ፣ ከዚያ የልጄ ፊት፣ ከዚያ የረጅሙ ልጅ።

ጥያቄው ለልጁ ተነበበ። አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅበት ሐይቅ ማን ይባላል? ልጁ ጣሪያውን አየ። ሌላ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ጠራ። አቅራቢው አይደለም አለና ጥያቄውን ለልጄ አሳለፈ።

«አቤ!» ብለው ጮኹ ሐጂ። «አቤ በይ! በዚያ አገር ሠላሳ ዓመት ያለፍኩ እኔ ነኝ፣ አቤ በይ ልጄ!»

ሰኮንዱ ይቆጠራል። ልጄ በጠረጴዛው ላይ ሁለት እጆቿን አጣምራለች። ቀና አለች።

«አቤ ሐይቅ።»

«ትክክል ነው!»

ጭብጨባው ከቴሌቪዥኑ ይውጣ ከእኛ መለየት አልቻልኩም። ባለ አትክልቷ መምህሩን አቅፋ ትዘላለች። የሐጂ ባለቤት እልልታውን እያቀለጡት በመሀሉ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ከአጥሩ ላይ «ምን ሆነ? ሰው የለም? ኧረ ንገሩኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሐጂ እንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉና ሳያስቡት መዳፋቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ። አየኋቸው። እጃቸውን መልሰው ከኋላቸው አጣመሩት።

ሽልማቱን ሲሰጧት፣ ጎንበስ ብላ ስትቀበል፣ ቀና ብላ ካሜራውን ስታይ አየሁ። እስኪያበቃ ድረስ ከመስታወቱ ፊት አልተንቀሳቀስኩም። ሌላ ዝግጅት ሲጀምር ነጠላዬን አጣፋሁ፤ በሩ ላይ ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።